ኧርቪን መጥቶ ሲጠይቀኝ

ስንት ዓመት ዳኝቻለሁ፣ ስንቱን ተሳስቻለሁ። የተበላሸ ውሳኔ ሰጥቼ አገሩ ሁሉ ሲሰድበኝ፣ አንዱ ገበሬ አጥሩን ተደግፎ «መነጽርህን ላሟ በላችብህ እንዴ?» እያለ ሰው ሲያስቅብኝ፣ ቤቴ ገብቼ እራቴን በልቼ ለጥ ብዬ ተኝቻለሁ። ስህተት እንቅልፍ አይነሳኝም። እንቅልፍ የነሳኝ አጥርቼ ያየሁት አንድ ነገር ነው።

ስሜ ሎወል ክራንትዝ ነው። በሥራ ቀን የእህል ማድረቂያ እጠግናለሁ፤ እሑድ እሑድ የሚኒሶታ ትንንሽ ከተሞች ቤዝቦል ሲጋጠሙ እዳኛለሁ። ተጫዋቾቹ ልጆች እንዳይመስሏችሁ፤ ላም አላቢዎች፣ በያጆች፣ የሒሳብ አስተማሪዎች ናቸው፣ ቦርጩ ከቀበቶው በላይ የወጣም አለ። ዳኞቹ ሁለት ብቻ ነን። አንዱ ጭንብል አጥልቆ ከመቺውና፣ መቺው የሳታትን ኳስ ከሚቀልበው ያዥ ጀርባ ይቆማል፤ ሌላው ሜዳው ውስጥ ገብቶ ሯጩ የሚረግጣቸውን ሦስቱን ቤዞች ይጠብቃል። ኳሷን የያዘ ተጫዋች ሯጩን ቤዝ ሳይደርስ ከነካው ሯጩ ተቃጠለ፤ ሲነካው ኳሷ ከእጁ ካመለጠች ግን ሯጩ ዳነ። ነገሩ ይኸው ነው። አንድ ሽማግሌና አንድ ጎልማሳ ግን በአራት ዓይን ሁሉን ማየት አይችሉም።

ሽማግሌው ኧርቪን ሶልበርግ ነው። ጡረታ የወጣ ፖስተኛ፣ ስልሳ ሰባት ዓመቱ፣ ጎንበስ ሲል ጉልበቱ የሚንቋቋ ረጅም ሰውዬ። ዘጠኝ ዓመት አብረን ሠርተናል። አቋቋሙን ያስተማረኝ እሱ ነው፤ መቼ መጮህ፣ መቼ ዝም ማለት እንዳለብኝም። ዳኛ ልብስ መቀየሪያ ክፍል የለውም፤ የኧርቪንን ፒክአፕ የኋላ በር ዘርግተን እዚያ ላይ ተቀምጠን ነበር ጫማ የምንቀይረው። በየጨዋታው፣ እዚያው ላይ፣ ያንኑ ቃል ይደግምልኛል።

«የኔ ውሳኔ የኔ፣ ያንተ ያንተ» ይላል ክሩን እያሰረ። «ሳልጠይቅህ በኔ ውሳኔ አፍህን እንዳታስገባ።»

«አውቃለሁ።»

«የነኪው እጅ ቀደመ፣ የሯጩ እግር ቀደመ የሚለውን ለኔ ተወው። እዚያ ላይ እንድትረዳኝ አልፈልግም። ኳሷ ወድቃ እኔ ካላየሁ ግን ጭንብልህን ደረትህ ላይ አድርግልኝ፤ ራሴ መጥቼ እጠይቅሃለሁ።»

«አውቃለሁ ስልህ፣ አንተ ሽማግሌ! ሚስቴ እንኳ እንዲህ አትነዘንዘኝም።»

«እሷማ ተስፋ ቆርጣብህ ነው። ስጠይቅህ ያየኸውን ብቻ ንገረኝ። ካላየህ አላየሁም በል። ከዚያ የምለውጠው እኔ ነኝ፤ ውሳኔ የሚለወጠው በሰጠው ሰው አፍ ነው።»

በቃሌ ስለማውቀው ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ አብሬው እለው ነበር፤ አንዳንዴ ጢሙን የሚያሻሽበትን ሳይቀር አስመስዬ። እሱም ጓንቱን ይወረውርብኛል።

ባለፈው ዓመት በሐምሌ፣ ዳኞቹን የሚመድበው ደልበርት ናይ ደወለልኝ። «ከኛ አካባቢ ለክፍለ ግዛቱ ውድድር አንድ ዳኛ ብቻ እልካለሁ» አለኝ። «ተራው የኧርቪን ነው። ግን ዓይኑ ደክሟል እያሉ ያሙታል። እሑድ መጥቼ አየዋለሁ። ደህና ከሆነ እሱ ይሄዳል። ካልሆነ አንተ ተዘጋጅ።»

ኧርቪን ይህን ውድድር ሠላሳ አንድ ዓመት ጠብቆታል። ሁለት ጊዜ በሰው በሰው ተወስዶበታል። በሦስተኛው ተመርጦ ሻንጣውን ካዘጋጀ በኋላ ሚስቱ ሎሪን ታመመችና ሆስፒታል ወንበር ላይ ከረመ። አሁን እሷም የለች። የውድድሩን ውኃ ሰማያዊ ሸሚዝ ገና ሳይመረጥ አዝዞ አስመጥቶ፣ ከነላስቲኩ ፒክአፑ ውስጥ ሰቅሎት ነበር። «ደልበርት ሊያየኝ ይመጣል» አለኝ፣ እንደ ሙሽራ ፈገግ ብሎ። እሱ ካልሆነ ማን እንደሚሄድ አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም።

እኔም ቦታውን ፈልጌው ነበር። መደበቅ ምን ይጠቅማል? እጅግ አድርጌ ፈልጌው ነበር።

ጨዋታው ሚል ክሪክ ሜዳ ላይ ነበር፤ ሚል ክሪኮች ከኖርድበርግ። የተሸነፈ ወደ ቤቱ የሚገባበት ጨዋታ ነው። ቀኑ ወበቅ፣ ትንኙ ጆሮ ይበላል፤ ከአጥሩ ጀርባ ቋሊማ እየጠበሱ ጭሱን ወደኛ ይለቁብናል። እኔ ከመቺው ጀርባ፣ ኧርቪን ሜዳው ውስጥ። ደልበርት ከኋላዬ ካለው መረብ ጀርባ ቆሞ የሱፍ ፍሬ እየፈለፈለ ይጽፋል። ኧርቪን ደግሞ ያን ቀን ድንቅ ነበር። ስምንቱን ዙር ሙሉ አንዲት ነገር አላመለጠችውም። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በየዙሩ «ይሄኛውንስ ይስተው ይሆን?» እያልኩ ነበር የማየው።

የመጨረሻው ዙር መጨረሻ ላይ የመምታት ተራው የሚል ክሪኮች ነው፣ በአንድ ነጥብ ተበልጠዋል፤ በነሱ በኩል ሁለት ሰው ተቃጥሎባቸዋል፣ ሦስተኛው ከተቃጠለ አለቀ። ሁለተኛው ቤዝ ላይ የነሱው ዳሬል ኮስኪ ቆሟል። ዳሬል በያጅ ነው፣ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ጉልበቱን በፋሻ ጠቅልሎ የሚጫወት። ይህ የመጨረሻ ዓመቴ ነው ብሎ ለሁሉም ተናግሮ ነበር። እሱ ሦስተኛውን አልፎ ቤት፣ መቺው ከሚቆምበት መነሻ፣ ከገባ እኩል ይሆናሉ።

ወርዋሪው ወረወረ፤ ኳሷ መሬት ነጥራ ከያዡ አምልጣ ወደ ቀኝ፣ ወደ አንደኛው ቤዝ በኩል ተንከባለለች። ያዡ ተነስቶ ተከተላት። ዳሬል ይህን ሲያይ ወደ ሦስተኛው ቤዝ ፈተለከ፤ በዚያ ጉልበት እንዴት እንደሮጠ እንጃ። ያዡ ኳሷን አንስቶ ላካት። የሦስተኛው ቤዝ ጠባቂ ቀለባት፣ ተወርውሮ ዳሬልን ነካው፣ ሁለቱም አቧራ ውስጥ ተደፉ። ኧርቪን ከሜዳው ውስጥ እየሮጠ ደረሰና ቡጢውን አነሳ።

«ተቃጥሏል!»

ኳሷ ግን ወድቃ ነበር። በውጭው በኩል፣ ከቤት ወደ ሦስተኛው ቤዝ ከሚዘልቀው የኖራ መስመር አንድ ስንዝር ዘለል ብላ ሣሩ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላለች። ቀይ ስፌቷን ሳይቀር አይቻለሁ። ጠባቂው በሆዱ እንደተኛ ጓንቱን ሳብ አድርጎ ጫነባትና አብሯት ተነሳ። ኧርቪን በውስጥ በኩል ነበር፤ የሁለት ሰው ገላ ከልሎታል። እኔ ቤት ላይ ሆኜ መስመሩን አቅንቼ ነበር የማየው፤ ከኔና ከኳሷ መሀል ሣር ብቻ ነበር።

ጭንብሉ እጄ ላይ ነው። ደረቴ ላይ ማድረግ ነበረብኝ። ክንዴ ራሱ ያውቀዋል፤ እስከ ቀበቶዬ ድረስ ከፍ አለ። ዞር ብዬ ደልበርትን አየሁት። መጻፉን አቁሞ ወደ ሦስተኛው ቤዝ ያያል። ጭንብሉን ቀስ ብዬ ወደ ጭኔ መለስኩት።

ወንበር ላይ የነበሩት ሚል ክሪኮች በሙሉ ተነስተው ጮኹ፤ እነሱ ለሦስተኛው ቤዝ ቅርብ ናቸው። አሰልጣኛቸው ኮፍያውን መሬት ላይ አፈረጠው። «ኧርቪን! ኳሷ እኮ መሬት ላይ ነበረች! ጓደኛህን ጠይቀው፣ ምን ገደደህ?»

ሌላ ዳኛ ቢሆን እምቢ ይላል። እምቢ የማለት መብት አለው፤ ደግሞ የሚመርጠው ሰው ቆሞ እያየ በዓይኑ እንደማይተማመን ማን ማሳየት ይፈልጋል? ኧርቪን ግን እጁን አንስቶ ሰውየውን ዝም አሰኘና ያን ሁሉ መንገድ እየተራመደ ወደ እኔ መጣ። ጠጋ አለኝ። ከንፈሩን ሰው እንዳያነብ ኮፍያውን አፉ ላይ ጋረደ።

«ሎወል፣ ኳሷን ጨርሶ አላየኋትም» አለኝ። «የዳሬል ጀርባ ሸፈነኝ። ምን አለህ?»

ለሱ አዝኜ ነው፣ በሰው ፊት እንዳይዋረድ ብዬ ነው እያልኩ ከዚያ በኋላ ራሴን ልሸነግል ሞክሬአለሁ። ውሸት ነው። ብነግረው ኖሮ ዞር ብሎ ክንዱን ዘርግቶ «ድኗል» ይላል፣ ደልበርትም «ሽማግሌው ኩራት የለበትም፣ ጠይቆ ያስተካክላል» ብሎ ይጽፍለታል። ይሄድ ነበር። ይህን እዚያው፣ እየጠየቀኝ ሳለ፣ አውቄዋለሁ።

«ያዡ ከፊቴ ነበር» አልኩት። «ምንም የለኝም።»

ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ደግ። የሌለህን አለመስጠትህ ደግ ነው።» ተመልሶ ሄደና ቡጢውን ደግሞ አነሳ። ጨዋታው አለቀ።

ዳሬል ሦስተኛው ቤዝ ላይ ተቀምጦ ፋሻውን ይፈታ ነበር። አልተሳደበም። ስናልፍ ቀና ብሎ፣ «ነክቶኛል፣ አልካድኩም ኧርቪን። ኳሷ ግን ወድቃ ነበር» አለ፤ ድምፁም ከፍ አላለም። ኧርቪን «ካላየሁት ልፈርድ አልችልም፣ ዳሬል» አለው። እኔ በሌላው ጎኑ ሆኜ የኖራውን መስመር እያየሁ አለፍኩ።

ፒክአፑ ላይ ተቀምጠን ጫማ ስንቀይር የአንድ እግሩን አወለቀ። ከዚያ፣ «ሳትወድቅ አልቀረችም» አለኝ። «ያን የሚያህል ሰው አብሮ አይዋሽም።»

እኔ ክሬ ላይ አቀርቅሬአለሁ። የፈታሁትን ደግሜ እቋጥራለሁ።

«አንተ ምን ታደርግ» አለኝ። «ከልሎሃል። በዚህ ደግሞ እንዳትብሰለሰል።»

ያጽናናኝ ነበር! ያኔ ብናገር እንኳ ግማሹ ይድን ነበር። ሸሚዙ ከነላስቲኩ ከጀርባችን ተሰቅሏል። አፌን ከፈትኩና ስለ ወበቁ አወራሁ።

ሰኞ ጠዋት ደልበርት ደወለ። «ትናንት አመሻሽ ላይ ኧርቪን ራሱ ደወለልኝ» አለ። «'ኳሷን ስቻታለሁ፣ እኔን ተወኝና ሎወልን ላክ። ሌላ ሰው ቢሆን እኔን ለማስደሰት ገምቶ ይነግረኝ ነበር። እሱ ግን አላየሁም አለኝ። የሚያስፈልግህ እንዲህ ያለ ሰው ነው' አለኝ።»

ምን ብዬ መለስኩ? «አመሰግናለሁ» ነው ያልኩት።

ኧርቪን ሸሚዙን ቤቴ ድረስ አመጣልኝ። እጅጌው ለኔ ይረዝማል፤ እጥፍ አድርጌ ለበስኩት። ውድድሩ ላይ ከመረቡ ጀርባ ተቀምጦ፣ ከግራ ከቀኙ ላለው ሁሉ «ያ የኔ ጓደኛ ነው» እያለ የሱፍ ፍሬ ያድል ነበር። በየዙሩ መሀል አውራ ጣቱን ያነሳልኛል። ሦስት ቀን ዳኘሁ፤ አንድም ሰው አልጮኸብኝም። ከዚያ በፊት በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም ነበር፤ በኋላ ግን የባሰ መጣ።

ኧርቪን በረዶው ሲገባ ዳኝነቱን ተወ። «ዓይኔ ነገረኝ» አለ። ዓይኑ ምንም አልነበረበትም። ማንም በዚያ በኩል ቢቆም አያይም ነበር፤ ያንን የማውቀው ግን እኔ ብቻ ነኝ። በመጋቢት አዳዲስ ዳኞችን ለማሠልጠን ተስማማና ደወለልኝ። «ቅዳሜ ጠዋት ና። ሸሚዙንም ልበስ። ምሳሌ የምታደርግልኝ አንተ ነህ።»

ራሴን አመመኝ ልል አሰብኩ። ለሱ ሌላ ውሸት መጨመር ግን አቃተኝና ሄድኩ።

ውጭ በረዶው ገና አልቀለጠም። በትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ወለል ላይ ኧርቪን በፕላስተር ሜዳ ሠርቷል፤ ለተጫዋች ተጣጣፊ ወንበር አቁሟል። አሥራ አራት ሰው ክብ ሠርቶ ቆሟል። አንዷ ጆሊን ፕራት የምትባል የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ናት፤ ጠያቂ፣ ደብተሯን ከእጇ የማትለይ።

«የጓደኛ ውሳኔ መቼ ይታረማል?» አለ ኧርቪን። «ጓደኛችሁ ሲጠይቃችሁ። ያያችሁት ካለ ትሰጡታላችሁ፤ ከሌለ የለኝም ትላላችሁ። ከሁሉ የሚከብደው የለኝም ማለት ነው። ባለፈው ሐምሌ እኔ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ይሄ ሰውዬ ነው ያስተማረኝ።» እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለ። እጅጌዬ ተፈትቶ መዳፌን ሸፍኖታል፤ አላጠፍኩትም።

ከዚያ ጨዋታውን በወንበሮቹ ያሳያቸው ጀመር። እኔን ቤት ላይ አቆመኝ። ሦስተኛው ቤዝ ላይ ሁለት ወንበር አጋደመ፣ ዳሬልና ጠባቂው። በውጭው በኩል እውነተኛ ኳስ አስቀመጠ። «እዚህ ነበረች ይላሉ። እኔ ደግሞ እዚህ» ብሎ በውስጥ በኩል ቆመ። «ወንበሩ ከልሎኛል፣ አያችሁ? ኳሷ በያዡ ቀኝ አመለጠች፣ ያዡ ሮጦ እዚህ ደረሰ፣ ከዚህ ወረወረ።» ያዡን ወንበር እየጎተተ ወስዶ በአንደኛው ቤዝ በኩል አቆመው። «እኔ ሄጄ ሎወልን ጠየቅኩት፤ እሱም ያዡ ከፊቴ ነበር፣ ምንም የለኝም አለኝ።»

ጆሊን እጇን አነሳች። «ይቅርታ አድርጉልኝ ጌታዬ፣ አንድ ነገር አልገባኝም» አለችኝ። «ያዡ እኮ በዚያ በኩል ነው ያለው። እርስዎ የሚያዩት በዚህ በኩል ነው። እኔ ሹፌር ነኝ፣ የሚከልል ነገር አውቃለሁ። እንዴት ከለለዎት?»

ልታጋልጠኝ አልነበረም። ጽፋ ልትይዘው ነበር፤ እርሳሷ ደብተሩ ላይ ተዘጋጅቷል።

ኧርቪን ሳቅ አለ። «ቦታውን እኔ አሳስቼ ይሆናል። ሎወል፣ ያዡ የት ነበር?»

ወንበሩን ወደፈለግኩት ማስጎተት እችል ነበር። ኧርቪን የምለውን ሁሉ ያምነኝ ነበር፤ ጎትቶ ከፊቴ ያቆምልኝ ነበር። ወንበሩን ባለበት ተውኩት።

ወደ እኔ መጣ። አጠገቤ፣ ትከሻ ለትከሻ ቆሞ፣ እኔ በቆምኩበት ልክ ወደ ሦስተኛው ቤዝ አየ። ኳሷ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላለች፤ ቀይ ስፌቷ ይታያል። ብዙ አያት። ፊቱ ላይ ንዴት ብጠብቅ ምንም አልነበረም። ያ ረጅም ሰውዬ ሲያንስ ግን አየሁት።

ከዚያ ኮፍያውን አወለቀና አፉ ላይ ጋረደ።

«ሎወል» አለኝ ቀስ ብሎ። «ምን አለህ?»

«ወድቃ ነበር» አልኩት። «ኳሷ ወድቃ ነበር፣ ኧርቪን። አይቻታለሁ። ቦታውን ፈልጌ ነው።»

ጆሊን እርሳሷን አወረደች። ኧርቪን ኮፍያውን ራሱ ላይ መለሰ፣ ያን መንገድ እየተራመደ ተመለሰ፣ በተጋደሙት ወንበሮች አጠገብ፣ ያኔ በቆመበት ቦታ ቆመ። ሁለት ክንዱን ዘረጋ።

«ድኗል!» ብሎ ጮኸ። ከጣሪያው ጋር አስተጋባ።

ለአሥራ አራቱ ሰዎች፣ «ውሳኔ የሚለወጠው በሰጠው ሰው አፍ ነው፤ ጻፉት» አላቸው። ጎንበስ ብሎ ኳሷን አነሳ፣ ጉልበቱ ተንቋቋ። ወደ እኔ ሲመለከት ዓይኑ ረጥቦ ነበር።

«የኔን ለውጫለሁ» አለኝ። «ያንተ ያንተ ነው።»

ሸሚዙን አውልቄ፣ አጥፌ፣ ያዡ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። በካናቴራ ወደ ኮሪደሩ ወጥቼ መጀመሪያ ለደልበርት ደወልኩና ነገርኩት። ከዚያ በረዶውን እየረገጥኩ ወደ ዳሬል ኮስኪ ብየዳ ቤት በእግሬ ሄድኩ።